የከተማ ፍሳሽ በአንድ ዕቅድና በአንድ ፈቃድ፤ ስለ ደባርቅና ስለ ዳባት ውሃ

ስለ ከተማ ውሃ በሚነገርበት ጊዜ ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ውሃው ደርሷል ወይስ አልደረሰም የሚለውን ነው። ከደረሰ በኋላ ወዴት እንደሚሄድ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም። እኛም ይህን ነገር መመርመር ከመጀመራችን በፊት ከማይጠይቁት ወገን ነበርን። በዚህ ጽሑፍ ለተማሪ ጓደኞቻችንና ለመምህራኖቻችን ለመግለጽ የምንፈልገው፥ እንደ ደባርቅና እንደ ዳባት ያሉ ከተሞች የውሃ ብክለትን የሚከለክለውን ሕግ በምን መንገድ ሊፈጽሙት እንደሚችሉ ነው። ሐሳባችንን አስቀድመን እንናገር፤ ማዘጋጃ ቤት ሁሉን ነገር በአንድ ጊዜ እንዲያደርግ ቢታዘዝ ምንም ሳያደርግ ይቀራል። ሥራው ሁሉ በአንድ ዕቅድ ላይ ተጽፎ፥ የትኛው እንደሚቀድም ተለይቶ፥ ያም ቅደም ተከተል በፈቃዱ ወረቀት ላይ ቀን ተቆርጦለት ቢሰፍር ግን፥ ገንዘብ የጎደለው ከተማም ቢሆን ሕጉን ቀስ በቀስ ሊፈጽም ይችላል።

የቦታውን አቀማመጥ ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ደባርቅ ከጎንደር በስተ ሰሜን 100 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፥ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,800 ሜትር በሚደርስ ደጋ ላይ የተቀመጠች የሰሜን ጎንደር ዞን ዋና ከተማ ናት። ዳባት በዚያው መንገድ ላይ ከደባርቅ ቀድማ ትገኛለች። ከደባርቅ አልፎ መንገዱ በጣሊያን ወረራ ዘመን በተቆፈረው በሊማሊሞ ጠመዝማዛ ቁልቁል ወደ ዛሪማ ቆላ ይወርዳል። ውሃውም እንደ መንገዱ ወደ ታች ይወርዳል። ዛሪማ ከተከዜ፥ ተከዜ ከአትባራ፥ አትባራም ሱዳን ውስጥ ከዓባይ ይገናኛል። ስለዚህ በደጋው ላይ የሚፈሰው ሁሉ ከታች የሚጠብቀው ሰው አለው። በተረት ከላይ ቆሞ እየጠጣ ከታች ያለችውን አህያ «ውሃ አደፈረስሽብኝ» ያላት አያ ጅቦ ነው፤ የደጋ ከተማም ስለ ውሃ በሚያማርርበት ጊዜ በማን ወገን እንደ ቆመ ቢያስብ መልካም ነው።

ሌላው ነገር ድንጋዩ ነው። የሰሜን ተራሮች በጥንት ዘመን ከእሳተ ገሞራ የወጣ ባዛልት በደራርቦ የተከማቸባቸው ናቸው። ይህ ድንጋይ የተሰነጣጠቀ ስለ ሆነ የክረምት ውሃ በስንጥቁ ይሰርግና በገደሉ ግርጌ ምንጭ ሆኖ ይወጣል። የገደሉ ግርጌ ሰው የሚጠጣው ይህንኑ ነው። እንዲህ ባለው መሬት ላይ ጉድጓድ ቆፍሮ የጣለውን ቆሻሻ ከዓይኑ ስለ ራቀ ብቻ የጠፋ የሚመስለው ሰው ይሳሳታል።

አሁን ወደ ሕጉ እንሂድ። በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ መኖር የሁሉም ሰው መብት መሆኑን ደንግጓል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ በአንቀጽ 5 የከተማ አስተዳደሮች ሁሉ የተቀናጀ የቆሻሻ አያያዝ ሥርዓት አቁመው ቆሻሻውን መሰብሰብ፥ ማጓጓዝ፥ እንደ ሁኔታውም መልሶ መጠቀም፥ ማጣራት ወይም ጉዳት በማያደርስ መንገድ ማስወገድ እንዲያረጋግጡ አዟል። «የተቀናጀ» የሚለው ቃል በአዋጁ ውስጥ መኖሩን ልብ ይሏል፤ እኛ ከውጭ አገር ያመጣነው ቃል አይደለም። ከዚህ ቀደም ብሎ የወጣው የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197/1992 ቆሻሻ ወደ ውሃ ለመልቀቅ ፈቃድ እንደሚያስፈልግ ይናገራል። ይኸው አዋጅ በእጅ ለሚቆፈር ጉድጓድ፥ ለውሃ ወፍጮና ለባህላዊ መስኖ ግን ፈቃድ አይጠይቅም።

ይህ የመጨረሻው ነገር ለገበሬው ርኅራኄ ያለው ድንጋጌ ነው፤ ትክክልም ነው። ነገር ግን ከእርሱ የሚከተለውን እንመልከት። የእጅ ጉድጓድ ውሃ ያለ ፈቃድ ይቆፈራል፤ የቤት መጸዳጃ ጉድጓድም እንዲሁ በየግቢው በባለቤቱ ፈቃድ ይቆፈራል። እንግዲህ ሁለቱ ጉድጓዶች በአንድ ወረቀት ላይ የሚገናኙበት ቦታ የለም። ከመሬት በታች ግን ሊገናኙ ይችላሉ።

በዚህ ነገር እኛ ራሳችን ያየነው አለ። ሁለተኛ ደረጃ በተማርንበት አንድ የሚሲዮን አዳሪ ትምህርት ቤት የውሃ ኮሚቴና የሕንፃ ኮሚቴ የሚባሉ ነበሩ። የውሃ ኮሚቴው በተዳፋቱ ግርጌ ጥሩ ጉድጓድ አስቆፈረ፤ ዙሪያውንም በድንጋይ አስገነባና በአበባ ሳይቀር አስጌጠው። በዓመቱ የተማሪው ቁጥር ስለ ጨመረ የሕንፃ ኮሚቴው አሥር በሮች ያሉት መጸዳጃ አሠራ፤ ያውም ነፋሱ ሽታውን ከመኝታ ቤቱ እንዲያርቅ ተብሎ ከጉድጓዱ በላይ ካለው ዳገት ላይ። ሁለቱም ኮሚቴዎች የተመሰገነ ሥራ ሠርተዋል፤ ሁለቱም ሪፖርታቸውን በጊዜው አቅርበዋል። በዚያ ክረምት መጨረሻ ግን ከኛ ክፍል ግማሹ በተቅማጥ ተኝቶ ነበር፤ ከመካከላችን አንዱም ወደ ቤቱ ተወስዶ ያን ዓመት ሳይመለስ ቀረ። ጉድጓዱ እንዲዘጋ የተደረገው ለሕሙማን የመጣ አንድ የጤና ባለሙያ በእግሩ ከመጸዳጃው እስከ ጉድጓዱ ለክቶ 22 እርምጃ ብቻ መሆኑን ካሳየ በኋላ ነው። በዚህ ዓይነት ሥራ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው መመሪያ በመጸዳጃና በጉድጓድ ውሃ መካከል ቢያንስ 30 ሜትር፥ በመጸዳጃው ወለልና በከርሰ ምድሩ ውሃ መካከል 1.5 ሜትር እንዲኖር ይላል፤ በተሰነጣጠቀ ድንጋይ ላይ ግን ይህም ላይበቃ ይችላል። እኛ ከዚያ ወዲህ «ቅንጅት» የሚለውን ቃል ስንሰማ ትዝ የሚሉን እነዚያ ሁለት ኮሚቴዎች ናቸው።

በውጭ አገር ይህን ችግር በትልቁ ያዩት የአሜሪካ ከተሞች ናቸው። በዚያ አገር እ.ኤ.አ. በ1972 በወጣው የንጹሕ ውሃ ሕግ መሠረት ማንም ከተማ ፍሳሹን ወደ ወንዝ ለመልቀቅ ፈቃድ ማውጣት አለበት፤ ፈቃዱም ከአምስት ዓመት አይበልጥም። ከጊዜ በኋላ ግን ለአንዱ ከተማ ብዙ ትእዛዝ በላዩ ላይ ተደራረበበት፤ አንዱ ስለ ማጣሪያው፥ ሌላው በዝናብ ጊዜ ሞልቶ ስለሚፈሰው ቱቦ፥ ሌላው ስለ መንገድ ጎርፍ። እያንዳንዱ ትእዛዝ የየራሱ ቀነ ገደብ ነበረው፤ ገንዘቡ ግን ከአንድ ከረጢት የሚወጣ ነው። በዚህ የተነሣ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2012 ከተሞች ፈቃደኛ ከሆኑ ሁሉንም በአንድ ዕቅድ አጠቃለው፥ ለሕዝብ ጤና የሚበልጠውን አስቀድመው፥ ያንኑ በፈቃዳቸው ውስጥ በየተራ እንዲያስጽፉ የሚያስችል መመሪያ አወጣ። እ.ኤ.አ. በ2019 ይህ አሠራር በሕግ ጸና፤ ለማዘጋጃ ቤቶች የሚቆምም እንባ ጠባቂ በመሥሪያ ቤቱ ውስጥ እንዲኖር ተደረገ። መመሪያው የንጽሕናውን ልክ ዝቅ አያደርግም፤ የሚወስነው ተራውን ብቻ ነው። ይህን መለየት አስፈላጊ ነው፤ ምክንያቱም የኛም አዋጅ ክልሎች ከፌዴራሉ የላላ ደረጃ እንዳያወጡ ይከለክላል፤ የጠበቀ ማውጣት ግን ይችላሉ።

የአሜሪካ ከተማ ቱቦ አለው፤ ደባርቅ ውስጥ ደግሞ የሚበዛው ጉድጓድ ነው፤ ታዲያ ምን ያገናኛቸዋል የሚለን አይጠፋም። ለዚህ መልስ ለመስጠት በእርሳስና በወረቀት ጥቂት ስሌት እናድርግ። በ1999 ዓ.ም. ቆጠራ የደባርቅ ከተማ ሕዝብ 20 ሺህ ያህል ነበር። ከዚያ ወዲህ የዞን ከተማ ሆናለች፤ ዩኒቨርሲቲም ተከፍቶባታል፤ ወደ ሰሜን ተራሮች ፓርክ የሚሄዱ እንግዶች መነሻም ናት፤ ስለዚህ ሕዝቧ ጨምሯል። ለስሌቱ እንዲቀለን ግን 20 ሺህ እንበል። በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ዘመን፥ ማለት ከ2008 እስከ 2012 ዓ.ም.፥ ከ20 ሺህ እስከ 50 ሺህ ሕዝብ ላለው ከተማ ለአንድ ሰው በቀን 50 ሊትር ውሃ እንዲደርስ ታቅዶ ነበር። ይህ ቢፈጸም በቀን 1,000 ሜትር ኩብ ውሃ ወደ ከተማው ይገባል ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ አራት አምስተኛው እጅ ፍሳሽ ሆኖ ይወጣል ብንል 800 ሜትር ኩብ ነው። ይህን ሁሉ በቱቦ ሰብስቦ ማጣራት ለደባርቅ ማዘጋጃ ቤት ዛሬ የሚታሰብ አይደለም። አዲስ አበባ እንኳ የቃሊቲን ማጣሪያ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ እንዲያጣራ ያስፋፋችው በብዙ ብድርና በብዙ ድካም ነው።

አሁን ደግሞ ሌላውን እንቁጠር። በጉድጓድ መጸዳጃ ውስጥ አንድ ሰው በዓመት የሚያጠራቅመው ዝቃጭ 50 ሊትር ያህል ተብሎ ይገመታል። 20 ሺህ ሰው በዓመት 1,000 ሜትር ኩብ ያጠራቅማል። ቁጥሩ ከፊተኛው ጋር አንድ ነው፤ ያኛው ግን የቀን፥ ይህኛው የዓመት ነው! ለቀን ሲካፈል ሦስት ሜትር ኩብ እንኳ አይሞላም፤ አንድ የመምጠጫ ቦቴ መኪና በየሁለት ቀኑ አንድ ጊዜ ቢመላለስ የሚያነሣው ነው። ተቅማጥ፥ ታይፎይድና ወስፋት የሚያመጣውም ይልቁንም ይህ ጥቂቱ እንጂ የልብስ እጣቢው ብዛት አይደለም። ይህን ስሌት ባደረግን ጊዜ ተገረምን። ማዘጋጃ ቤቱ የማይችለውን 800 ሜትር ኩብ እያሰበ ተስፋ ሲቆርጥ፥ የሚችለው ሦስት ሜትር ኩብ ሳይነሣ ይቀራል። ቅደም ተከተል ማለት ይህ ነው።

ዝቃጩ ከተነሣ በኋላ የት ይደፋል? መኪና ገዝቶ መድፊያ ያላዘጋጀ ከተማ በየግቢው የተበተነውን አደጋ ሰብስቦ በአንድ ገደል አፋፍ ላይ መጣል ብቻ ይሆንበታል፤ ይህም ከቀድሞው የባሰ ነው። መድፊያው የማድረቂያ መደብ ነው፤ አሸዋና ጠጠር የተነጠፈበት፥ ውሃው ከሥር ተንጠልጥሎ የሚቀዳበት ማለት ነው። እዚህ ላይ የደጋው አየር መታሰብ አለበት። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ፀሐዩ ጠንካራ ስለ ሆነ መደቡ ይሠራል፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ግን ጣራ ከሌለው ከሰማይ የሚወርደው ከሚደርቀው ይበልጣል። ብርዱም የራሱ ነገር አለው። የወስፋት እንቁላል በብርድ ረጅም ዕድሜ አለው፤ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው መመሪያ የአየሩ ሙቀት ከ2 እስከ 20 ዲግሪ በሆነበት አገር የደረቀ ዓይነ ምድር ለእርሻ ከመዋሉ በፊት ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት እንዲቆይ ይመክራል። የደባርቅና የዳባት ገብስና ድንች አምራች ማዳበሪያ የሚፈልግ ነውና የደረቀውን ቢሰጡት ደስ ብሎት ይወስደዋል፤ ነገር ግን ለቆላ ከተማ የተጻፈውን የማቆያ ጊዜ ወደ ደጋ ገልብጦ ማምጣት አደገኛ ነው። ስለዚህ ቦታው ሲመረጥ የሁለት ዓመት ዝቃጭ የሚይዝ ስፋት ሊኖረው ይገባል። ይህ ደግሞ የመሬት ጉዳይ ነው፤ መሬት ደግሞ የከተማ ፕላን ክፍል ነው፤ የጽዳት ክፍሉ ብቻውን የሚያደርገው አይደለም። ከተማው ፕላኑን ሲያወጣ ያልተከለለ ቦታ በኋላ ቤት ይሠራበታል።

ከዝቃጩ ቀጥሎ የምናስቀምጠው የሆስፒታሉንና የቄራውን ፍሳሽ ነው፤ ሁለቱም ከአንድ ቦታ ስለሚወጡ ለመያዝ ይቀላሉ። ሆቴሎች፥ መናኸሪያውና ዩኒቨርሲቲው ባለቤት ያላቸው ስለ ሆኑ የየራሳቸውን ሴፕቲክ ታንክ በፈቃድ ማስያዝ ይቻላል፤ አዋጁም ሕዝብ የሚገለገልበት ቤት ኃላፊ በቂ መጸዳጃ እንዲያዘጋጅ ያስገድዳል። የመንገድ ቦዩን ጥርጊያ፥ የገበያውን ጉድፍና የጠላ ቤቱን አተላ ከዚያ በኋላ ብናደርገው ያስቆጣን ይሆናል፤ ዓይንን የሚያስቀይመው እርሱ ነውና። ይሁን እንጂ ዓይንን የሚያስቀይመው ሁሉ ቀድሞ የሚገድል አይደለም።

በዳባት ነገሩ ትንሽ የተለየ መልክ አለው። በ2013 ዓ.ም. በዳባት ወረዳ አለምዋጭ በተባለው ቦታ የኤርትራ ስደተኞች የሚኖሩበት መንደር ተቋቋመ። በዚያው ዓመት መጨረሻና በተከታዩ ዓመት መጀመሪያ በጦርነቱ የተፈናቀሉ ብዙ ሰዎችም በዳባትና በደባርቅ ተጠልለው ነበር። ለስደተኞች የሚቆመው ወገን ለስደተኞቹ ውሃና መጸዳጃ ያስባል፤ ማዘጋጃ ቤቱ ለከተማው ያስባል፤ የወረዳው ውሃ ጽሕፈት ቤት ለገጠሩ። ምንጩና ወንዙ ግን ለሦስቱም አንድ ነው። እዚህ ላይ አንዱ መኪና ለሦስቱም ሊያገለግል፥ አንዱ የማድረቂያ ቦታም ለሦስቱም ሊበቃ በቻለ ነበር። ከዚህም በላይ ዳባት ሌሎች የማያገኙት ሀብት አላት። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በዳባት የጤና ምርምር ጣቢያ አቋቁሞ ልደትንና ሞትን በየቤቱ ሲመዘግብ ቆይቷል። ቤቱ አስቀድሞ ቁጥር ተሰጥቶት ከተመዘገበ፥ በዚያው መዝገብ ላይ የጉድጓዱንና የመጸዳጃውን ቦታ መጨመር ከባድ አይደለም። የጎንደር ትምህርት ቤት እ.ኤ.አ. በ1954 የተመሠረተውም የጤና መኮንኖችን፥ የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያዎችንና ነርሶችን በአንድነት አስተምሮ በአንድ ጤና ጣቢያ ለማሠራት ነበር። ቅንጅት ለአገራችን አዲስ ትምህርት አለመሆኑን ለማሳየት ይህን አነሣን።

በቅርቡም ቢሆን መንግሥት ሞክሮታል። የውሃ፥ የጤና፥ የትምህርትና የገንዘብ ሚኒስቴሮች የመግባቢያ ሰነድ ተፈራርመው እ.ኤ.አ. በ2013 «ዋን ዋሽ» የተባለውን ብሔራዊ ፕሮግራም አንድ ዕቅድ፥ አንድ በጀት፥ አንድ ሪፖርት በሚል ሐሳብ ጀምረዋል። እኛ እንደምናየው የዚህ ፕሮግራም ትልቁ ጥቅም መሥሪያ ቤቶቹን በአንድ ጠረጴዛ ማስቀመጡ ነው፤ ጉድለቱ ደግሞ ጠረጴዛው ላይ ፈቃድ ሰጪው አለመኖሩ ነው። ዕቅድ ያለ ፈቃድ ተስፋ ብቻ ነው፤ ባይፈጸም የሚጠይቀው የለም። ፈቃድ ያለ ዕቅድ ደግሞ ማንም የማይፈጽመው ወረቀት ይሆናል።

ፈቃዱስ ማን ይስጥ? በተፋሰስ ደረጃ ለዓባይ፥ ለአዋሽና ለስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ባለሥልጣኖች ተቋቁመው ነበር፤ የደባርቅ ውሃ የሚወርድበት የተከዜ ስም ከእነዚህ መካከል የለም። በኋላም እነዚህ መሥሪያ ቤቶች ተጠቃለው ሥራቸው ወደ ሚኒስቴሩ ተመልሷል። በዚህ ምክንያት እኛ የምንመርጠው የክልሉ አካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ፈቃዱን እንዲሰጥ፥ የዞኑ ውሃ፥ ጤናና የከተማ ልማት መምሪያዎችም በዚያው ወረቀት ላይ እንዲፈርሙ ነው። በወረቀቱ ላይ የሚጻፈው ብዙ መሆን የለበትም። ፍሳሹ የሚደርስበት ወንዝ ወይም ምንጭ በስሙ ይጠራ፤ በየዓመቱ የሚሠራው ሥራ ከነ ወሩ ይጻፍ፤ ከከተማው በላይና ከከተማው በታች ውሃው በዓመት ሁለት ጊዜ፥ በበጋና በክረምት፥ ተቀድቶ ይመርመር። ምርመራው ውድ አይደለም፤ በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ ውስጥ ከዓይነ ምድር የሚመጣው ኢ. ኮላይ የሚባለው ባክቴሪያ ስንት እንደ ሆነ መቁጠር ነው፤ በመጠጥ ውሃ አንድም መገኘት የለበትም። ይህን ለማድረግ የደባርቅ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከበቂ በላይ ናቸው።

ይህን ሐሳብ ላነበበልን አንድ መምህራችን ግን ጥሩ ተቃውሞ አቅርበውልናል። «ተራ የተሰጠው ሥራ ሁሉ ተራው አይደርስም፤ ለማዘጋጃ ቤት የመዘግየት ፈቃድ እየሰጣችሁት ነው» አሉን። እውነት አላቸው። የአሜሪካም አሠራር በዚሁ ይነቀፋል። ለዚህ ያገኘነው መልስ ፍጹም አይደለም፤ የተጻፈው ቀን ለሕዝብ በማዘጋጃ ቤቱ በር ላይ ቢለጠፍ፥ ያለፈበትን ሰው ሁሉ ያያል የሚል ነው። አዋጅ 300 በአንቀጽ 11 ማንም ሰው ጥቅሙ መነካቱን ማስረዳት ሳያስፈልገው በበካይ ላይ አቤቱታ እንዲያቀርብ መብት ሰጥቷል፤ መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ ካልወሰነ ወይም በውሳኔው ካልተስማማ፥ አቤት ባዩ በ60 ቀን ውስጥ ወደ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። ይሁንና «አፓፕ» በሚል አጭር ስሙ የሚታወቀው የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ስለ አቃቂና ስለ ሞጆ ወንዞች መበከል የፌዴራሉን የአካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2006 በከሰሰ ጊዜ ክሱ ተቀባይነት ሳያገኝ ቀርቷል። «ወንዙ ቆሽሿል» ብሎ መክሰስና «በዚህ ወረቀት ላይ በጥር ወር ይሠራል የተባለው መደብ እስከ ግንቦት አልተሠራም» ብሎ መክሰስ አንድ አይደለም። ሁለተኛውን ለዳኛ ማስረዳት ይቀላል።

እኛ በበኩላችን ከኅዳር ጀምሮ ከዳባት ከሚመጡ ጓደኞቻችን ጋር ሆነን የእጅ ጉድጓዶችንና መጸዳጃዎችን በእርምጃ እየለካን በአንድ ካርታ ላይ ለማስፈር አስበናል። የውሃውን ጥልቀት የምንለካው ክረምቱ ካለፈ በኋላ፥ በኅዳርና በታኅሣሥ፥ ከዚያም በሚያዝያ ድርቁ ሲበረታ ነው፤ ሁለቱ ልኬቶች ካልተነጻጸሩ ውሃው በክረምት እስከ የትኛው መጸዳጃ ወለል ድረስ ከፍ እንደሚል አይታወቅምና። ገመድ፥ ድንጋይና ደብተር የያዘ ሁሉ አብሮን ሊመጣ ይችላል።